የተነበበውን ምድር መርገጥ፦ የመዲና የውጭ ተማሪዎችና የመስክ ጉብኝት ትምህርት

የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 (በ1381 ዓመተ ሒጅራ) ከተመሠረተ ወዲህ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ሙስሊም ወጣቶችን ተቀብሎ ሲያስተምር ቆይቷል። ዛሬ ከ170 በላይ ዜግነት ያላቸው ተማሪዎች በግቢው ውስጥ በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ፣ በአንድ ሰፍ ቆመው ይሰግዳሉ፣ በዐረብኛ ይማራሉ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከዚህ ማኅበረሰብ መካከል ናቸው። የነፃ ትምህርት ዕድሉ ማደሪያን፣ ወርኃዊ የኪስ ገንዘብንና ለዕረፍት ወደ አገር የሚያደርስ የአውሮፕላን ትኬትን ስለሚያካትት፣ ከድሃ ቤተሰብ የወጣ ልጅ እንኳ ልቡን ሰብስቦ እንዲማር ያግዘዋል።

ሆኖም አንድ የውጭ ተማሪ በመዲና የሚያሳልፋቸው ዓመታት በሦስት ሥፍራዎች መካከል ብቻ ሊያልቁ ይችላሉ፤ በማደሪያው፣ በመማሪያ ክፍሉና በመስጂደ ነበዊ። ይህ በራሱ ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ተማሪው ተመርቆ ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ ሲራን ዕድሜ ልካቸውን በጆሯቸው ሲሰሙ የኖሩ አባቶችና እናቶች ከብበው ስለ ኡሑድ ተራራ፣ ስለ ኸንደቅና ስለ በድር ሜዳ ይጠይቁታል። ያን ጊዜ ከመጽሐፍ ያነበበውን ደግሞ ከመናገር ሌላ የሚጨምረው ከሌለ፣ ለዓመታት ከደጁ የነበረ ዕውቀት አምልጦታል ማለት ነው። የትምህርት ተቋማት ለውጭ ተማሪዎቻቸው የሚያዘጋጇቸው የባህልና የታሪክ ጉብኝቶች ዋጋም የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው። ጉብኝቱ ከፈተና በኋላ የሚገኝ መዝናኛ ብቻ ከሆነ ከፎቶግራፍ የተረፈ ነገር አይኖረውም፤ የትምህርቱ አካል ከሆነ ግን ተማሪውን ከአንባቢነት ወደ ምስክርነት ያሸጋግረዋል።

ዕውቀትን በእግር መፈለግ

በሙስሊሞች የትምህርት ታሪክ ውስጥ ጉዞ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ታላቁ ሶሓባ ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) በሻም ከሚኖረው ከዐብደላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ.) አንድ ሐዲስ ለመስማት ግመል ገዝተው የአንድ ወር መንገድ መጓዛቸው ተዘግቧል። የሐዲስ ሊቃውንትም ይህን ፈለግ ተከትለው ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተዋል፤ የባግዳዱ ኸጢብም ለሐዲስ ፍለጋ የተደረጉ ጉዞዎችን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ ጽፈዋል።

ይህ ልማድ በሐበሻ ምድርም ሥር የሰደደ ነው። የወሎ ደረሳ ስንቁን በአገልግል፣ ኪታቡን በትከሻው አንግቦ ከአንዱ ሸይኽ ሐሪማ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዝ ነበር። ፊቅህን ከአንዱ፣ ነሕውን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው ይቀራል። ባሕር ተሻግረው የሄዱትም ጥቂት አልነበሩም። በካይሮው አል-አዝሀር ከሐበሻ ምድር ለሚመጡ ተማሪዎች «የጀበርቲዎች ሪዋቅ» የተባለ የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖሩት ስመ ጥሩው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም ዘራቸው ከዚያው ማኅበረሰብ ይመዘዛል።

የዛሬው ተማሪ ግን በሰዓታት በረራ መዲና ይደርሳል። የጥንቱ ደረሳ በእግሩ እየተጓዘ አገር፣ ሰውና ቋንቋ በመንገዱ ላይ ይማር ነበር፤ አውሮፕላኑ ያንን ሁሉ ዘልሎ አልፎታል። የመስክ ጉብኝት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህን የተዘለለ ትምህርት መመለስ ነው።

ምድሩ የሚያስረዳው

ከመስጂደ ነበዊ በስተሰሜን፣ በግምት አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ኡሑድ ተራራ ይገኛል። ርዝመቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀላ ያለ ድንጋዩ ከከተማዋ ብዙ ሥፍራዎች ይታያል። በሦስተኛው ዓመተ ሒጅራ (625) የተካሄደውን ዘመቻ ያነበበ ተማሪ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዐብደላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ.) የሚመሩ 50 ቀስተኞችን በአንዲት ኮረብታ ላይ ማስቀመጣቸውን ያውቃል። ድልም ሆነ ሽንፈት ቢያዩ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ መታዘዛቸውን፣ የጠላት ጦር የሸሸ ሲመስላቸው አብዛኞቹ ወደ ምርኮው መውረዳቸውን፣ በዚያን ጊዜ ገና ያልሰለመው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ በፈረሰኞቹ ከኋላ መዞሩንም ያውቃል። ለፈተናም ጽፎት አልፏል።

ሥፍራው ላይ ሲቆም ግን ሌላ ነገር ይገባዋል። የቀስተኞቹ ኮረብታ አነስተኛ ናት፤ በጥቂት ደቂቃዎች ተወጥታ ትወረዳለች። ከላይዋ ሲታይ በኮረብታዋና በትልቁ ተራራ መካከል ያለው ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከኋላዋ ደግሞ ፈረሰኛ ሊያልፍበት የሚችለው መንገድ ክፍት ነው። የሠራዊቱ ሁሉ ደኅንነት በዚህች ትንሽ ጉብታ ላይ የተንጠለጠለ እንደነበር፣ የትእዛዙ ጥብቅነትም ከምን እንደመነጨ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ከሜዳው ዳር 70 ያህል ሸሂዶች፣ ከነርሱም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ.) የተቀበሩበት ሥፍራ አለ። የጥቂት ሰዎች አለመታዘዝ ያስከፈለው ዋጋ ከኮረብታዋ በዓይን ይታያል።

የኸንደቅ ነገርም እንዲሁ ነው። በአምስተኛው ዓመተ ሒጅራ (627) ወደ 10,000 የሚጠጋ የአሕዛብ ጦር ወደ መዲና ሲመጣ፣ 3,000 ያህል የሚሆኑት ሙስሊሞች በሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ምክር ጉድጓድ መቆፈራቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ብዙዎች በልባቸው የሚስሉት ግን ከተማዋን ዙሪያዋን የከበበ ጉድጓድ ነው። የመዲናን መልክዓ ምድር በዓይኑ ያየ ሰው ይህ እንዳልሆነና መሆንም እንደማያስፈልገው ይረዳል። በምሥራቅና በምዕራብ «ሐራ» የሚባሉት፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁርና ስለታም ድንጋይ የሸፈናቸው ሜዳዎች ተዘርግተዋል። በዚያ ላይ ፈረስ መጋለብ አይችልም፤ ሰውም በችግር ነው የሚራመደው። በደቡብ በኩል ጥቅጥቅ ያሉ የተምር አትክልቶችና የተጠጋጉ ቤቶች ነበሩ። ለጦር ክፍት የነበረው ሰሜኑ ብቻ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ የተቆፈረው ሁለቱን ሐራዎች ለማያያዝ ነበር። የሙስሊሙ ጦርም የሰልዕን ተራራ ከጀርባው አድርጎ ሰፈረ።

ጉድጓዱ ዛሬ አይታይም። ጥቁሩ ድንጋይ ግን እዚያው አለ። ተማሪው ጫማው ሥር ሲቆረቁረው የሰልማንን ምክር ብልኅነት፣ የሶሓቦቹንም ከምድራቸው ጋር የነበራቸውን ትውውቅ ይገነዘባል። በረሃብና በብርድ እየተቆፈረ የነበረው ጉድጓድ በስሌት የተቆፈረ እንደነበረ፣ በአላህ መመካትና ሰበብን ማድረስ በአንድ ላይ እንደሚሄዱም ሥፍራው ራሱ ያስተምራል።

ሐበሻዊው ተማሪና ሁለት ሥፍራዎች

ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች አብረው ሲጓዙ እያንዳንዱ ሥፍራ ለሁሉም እኩል አይናገርም። ፋርሳዊው በኸንደቅ የሰልማንን ስም ሲሰማ ልቡ እንደሚሞቅ ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊውም ስሙ የሚነሳባቸው ሥፍራዎች አሉት፤ ሁሉም ግን ለመስማት የሚቀልሉ አይደሉም።

በኡሑድ ሜዳ ሐምዛን (ረ.ዐ.) የገደለው ወሕሺ ኢብኑ ሐርብ ሐበሻዊ ባሪያ ነበር። ጌታው ነፃነቱን ቃል ገብቶለት፣ በአገሩ ሰዎች ዘንድ በሚታወቀው የጦር ውርወራ ችሎታው ያን ከባድ ሥራ ሠራ። ታሪኩ ግን በዚያ አልቆመም። ወሕሺ በኋላ ሰለመ፤ በየማማው ዘመቻ ደግሞ በሐሰት ነቢይ ነኝ ባለው በሙሰይሊማ ላይ ያንኑ ጦር መወርወሩን ራሱ ተርኳል። አስተማሪ የሆነ አስጎብኚ ይህን ታሪክ ሳይሸሽግ፣ ሳያጣምምም ከነፍጻሜው ይናገራል። ሐበሻዊው ተማሪም አንገቱን ሳይደፋ ይሰማዋል፤ የተውበት በር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ በቀላሉ አይገኝምና።

ሁለተኛው ሥፍራ ኸይበር ነው። ከመዲና በስተሰሜን የሚገኘው ይህ የተምር ምድር በሰባተኛው ዓመተ ሒጅራ (628) የተከፈተ ሲሆን፣ በጥቁር ድንጋይ የታነጹ የምሽጎቹ ቅሪቶች ዛሬም አሉ። ጎብኚዎች ስለ ጦርነቱና ስለ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ጀግንነት ይሰማሉ። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ሊዘነጋው የማይገባው ግን ሌላ ክስተት ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ በሐበሻ በስደት የኖሩት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና ባልደረቦቻቸው (ረ.ዐ.) ባሕር ተሻግረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኟቸው እዚያው ኸይበር ነበር። ነቢዩ በጃዕፈር መምጣት እጅግ መደሰታቸው ተዘግቧል፤ በጦርነቱ ላይ ያልተገኙ ቢሆኑም ከምርኮው ድርሻ ተሰጥቷቸዋል።

ከተመለሱት መካከል የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ዑመር (ረ.ዐ.) እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋል ሲሏቸው፣ በሩቅና በባዕድ አገር ያሳለፉትን መከራ ጠቅሰው ተቆጡ፤ ጉዳዩንም ነቢዩ ዘንድ አቀረቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ነገሯቸው። ይህን ብሥራት ለመስማት ከሐበሻ የተመለሱት ሶሓቦች በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ አስማእ ይመጡ ነበር። ከአገሩ ርቆ የሚማር፣ በባዕድ ምድር የመኖርን ትርጉም የሚያውቅ ወጣት ይህን ታሪክ በኸይበር ድንጋዮች መካከል ሲሰማ፣ ሐበሻ በሲራ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ እንዳልሆነች ይረዳል። ቁረይሽ ያሳደዳቸውን ሶሓቦች ተቀብላ የሸኘች አገር ናት።

ከዘመቻ ሥፍራዎች ባሻገር

የመዲና ጉብኝት በጦር ሜዳዎች ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረው የንጉሥ ፈህድ የቁርኣን ማተሚያ ተቋም ለተማሪዎች ልዩ ትርጉም ያለው ሥፍራ ነው። እዚህ አንድ ሙስሐፍ አንባቢ እጅ ከመድረሱ በፊት ስንት ዓይን እንደሚያርፍበት ይታያል፤ ሊቃውንት ረቂቁን ይመረምራሉ፣ ከኅትመት በኋላም መርማሪዎች ገጽ በገጽ ይፈትሻሉ። ተቋሙ የቁርኣንን ትርጉም ከ70 በሚበልጡ ቋንቋዎች ያሳተመ ሲሆን፣ አማርኛም ከነዚህ አንዱ ነው። በአገሩ ቤት ያየው አማርኛ ትርጉም ከየት እንደመጣ እዚያ የሚያውቅ ተማሪ፣ የትርጉምን ኃላፊነት ክብደት ያጤናል፤ ነገ ይህን አደራ ከሚረከቡት አንዱ እርሱ ሊሆን ይችላልና።

በከተማዋ ውስጥ የሚገኘው የሒጃዝ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ወደ ቅርቡ ዘመን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1900 ግንባታው ተጀምሮ በ1908 መዲና የደረሰው ይህ የባቡር መስመር ከደማስቆ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ከመላው ዓለም ሙስሊሞች በተሰበሰበ መዋጮ ጭምር የተሠራ ሲሆን፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የሐጅ መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ቆራረጠው፤ እስከ መዲና ዳግም አልተዘረጋም። ዛሬ ሙዚየም የሆነው ጣቢያ የሙስሊሙን ዓለም የትብብር ዐቅምም ስብራቱንም በአንድ ሕንፃ ያሳያል።

ረጅሙ ጉዞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዑላ የሚደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ የተመዘገበው አል-ሒጅር እዚያ ይገኛል። ከዓለት የተፈለፈሉ 111 የናባጢያን መቃብሮች ያሉ ሲሆን፣ 94ቱ በጌጥ የተዋቡ ናቸው። በአንዳንዶቹ ደጃፍ ላይ ከባለቤቱና ከቤተሰቡ ሌላ ማንም እንዳይቀበርበት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተቀርጿል። ሆኖም የሸሪዓ ተማሪ እዚህ የሚመጣው እንደማንኛውም ጎብኚ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዘጠነኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ ተቡክ ሲያልፉ፣ ቅጣት በወረደባቸው በሠሙድ ሰዎች መኖሪያ በፍርሃትና በለቅሶ እንጂ እንዳይገቡ ባልደረቦቻቸውን ማዘዛቸውን ያውቃል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የሐዲሱን ትርጓሜና የሊቃውንቱን ማብራሪያ ይዞ፣ ልቡን አዘጋጅቶ መሄድ ይጠበቅበታል።

ጉብኝት ትምህርት እንዲሆን

ሥፍራን ማየት ብቻውን አያስተምርም። በአንድ ቀን ስምንት ቦታ የሚያደርስ አውቶቡስ ተማሪውን ሊያደክመው እንጂ ሊያስተምረው አይችልም፤ በየሥፍራው ሩብ ሰዓት ቆሞ የሚመለስ ወጣት የሚያስታውሰው ሙቀቱንና ግርግሩን ነው። ሁለት ቦታ በሚገባ ማየት ስምንት ቦታ ከመሮጥ ይበልጣል።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ዐረብኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይማራሉ፤ ፈጥኖ የሚናገር አስጎብኚ ሲገጥማቸው ግን የተነገረው ግማሹ ያመልጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ቆየት ያለ የአገራቸው ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ዋና ዋናውን በአማርኛ፣ በሐውሳ ወይም በኡርዱ ቢያስረዳቸው ጉብኝቱ ሕይወት ይዘራል። ለቋንቋው ራሱም ጉዞው ሁነኛ መምህር ነው። በክፍል ውስጥ ፉስሓ የተማረ ወጣት በተምር ገበያ ዐጅዋን ከሰፈዊ ለይቶ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ከመጽሐፍ የማይገኘውን የሰፈር ዐረብኛ ከሻጩ አፍ ይሰማል፤ ተሳስቶም ይታረማል።

ከሁሉ በላይ የሥርዓት ነገር አለ። ወደ ሸሂዶቹ መቃብር የሚሄድ ተማሪ በሱና የተደነገገው ዚያራ ለሙታን ሰላምታ ማቅረብ፣ ዱዓ ማድረግና ሞትን ማስታወስ መሆኑን ያውቃል። በድንጋይና በአፈር መታበክ፣ ከቦታው ጠጠር ለቅሞ ለቤተሰብ መላክ፣ ከሙታን እርዳታ መለመን ግን የጉብኝቱን ዓላማ ያፈርሳል። ነገ በአገሩ አስተማሪ የሚሆን ሰው ታሪካዊ ሥፍራን ማክበርና ሥፍራን ማምለክ የሚለያዩበትን መስመር በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር ሊማር ይገባል።

በመጨረሻም ያየውን መጻፍ አለ። ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ ለአገሩ ሕዝብ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ በእጁ ይገኛል። ስለ ሲራ ምድር በአማርኛ የተጻፈ፣ በዓይን እማኝ የተደገፈ ጽሑፍ ዛሬም በብዛት አይገኝም፤ ይህን ክፍተት ከነዚህ ወጣቶች በተሻለ ሊሞላ የሚችል የለም።

ወደ አገር የሚመለሰው ዓይን

የጉብኝት ትምህርት ፍሬ በሙሉ የሚታየው ተማሪው አገሩ ሲገባ ነው። በኡሑድ ኮረብታን ከታሪክ ጋር ማገናኘት የተማረ ዓይን በራሱ ምድር ላይ ያሉትን ኮረብታዎችም በዚያው መንገድ ማየት ይጀምራል።

በትግራይ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን የምትገኘው ነጋሽ ለዚህ ቀዳሚ ምሳሌ ናት። ሶሓቦችን የተቀበሉት፣ ዜና ዕረፍታቸው ሲሰማም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና የሩቅ ሰላተል ጀናዛ የሰገዱላቸው ንጉሥ ነጃሺ በዚያ እንዳረፉ፣ ከሶሓቦቹም የተወሰኑት እዚያ እንደተቀበሩ በአካባቢው ሕዝብ ትውፊት ሲነገር ኖሯል። መስጂዱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በተቀሰቀሰው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። በምሥራቅም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጁገል 82 መስጂዶችን በግንቧ ውስጥ አቅፋ ይዛለች።

እነዚህን ሥፍራዎች ሕንፃ ብቻውን አይጠብቃቸውም፤ ታሪካቸውን በማስረጃ የሚናገር፣ ትውፊትን ከተረጋገጠው ለይቶ የሚያስረዳ፣ ልጆችን ሰብስቦ ወደዚያ የሚወስድ መምህር ያስፈልጋቸዋል። በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በጅማ የሚያስተምር የመዲና ተመራቂ የመድረሳውን ልጆች አሳፍሮ ወደ አንድ ጥንታዊ መስጂድ ሲወስዳቸው፣ ከመሄዳቸው በፊት ሲያዘጋጃቸው፣ ከተመለሱ በኋላም ሲያጽፋቸው፣ በመዲና የተማረው የመስክ ትምህርት ሌላ ትውልድ ያገኛል። ለውጭ ተማሪ የሚዘጋጅ አንድ የአውቶቡስ መቀመጫ ዋጋውም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።